መቀሶቹ ጎህ ሲቀድ ለምን ይወጣሉ

ጥቅምት 9 ቀን

ለማታውቀኝ ዘመዴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ዘግይቶ ቢደርስ ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም። እኔም ባለቤቴም ደህና ነን። አንተንም ባለህበት ክፉ አይንካህ።

ይቺ ደግሞ ማን ናት እንዳትል ዝምድናችንን ልዘርዝረው። የእናትህ እናትና የእኔ እናት የእህትማማች ልጆች ናቸው። በቆጠራው አክስትህ ነኝ፤ ነገር ግን አክስት የሚለኝ ሲበዛ ስለማረጅ፣ እትዬ ብትለኝ ይበቃል። አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት። ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ ወሬ ወሬን እየወለደ፣ «ቀጮ እኮ ውጭ አገር የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነው፣ ሥራው ውሃ ማዞርና ማጣራት ነው» ስትለኝ መርፌው ከእጄ ወደቀ። ስንት ጊዜ ውሃ የሚያውቅ ሰው ስፈልግ፣ ለካ ዘመዴ ነህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁ አላርፍ ብሎታል። ከቤታችን ጀርባ የተዘጋ የጡብ ፋብሪካ አለ፤ ጭቃ የተቆፈረባቸው ሁለት ጉድጓዶች ውሃ ሞልተው ኩሬ ሆነዋል። ተከራየናቸውና ክሬይፊሽ ጨመርንባቸው። የሸርጣን ዘመድ ናቸው፤ ረዘም ያሉ፣ ባለ ጅራት፣ ከፊታቸው ሁለት መቀስ የያዙ። ሆቴሎቹ ይወዷቸዋል። ዕድሜዬን ሙሉ መቀስ ይዤ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ገና ሳያቸው የሥራ ባልደረባ ያገኘሁ መሰለኝ። በቤታችን ስማቸው «መቀሶቹ» ነው።

ችግሩ ውሃው ነው። ከላይ ሲያዩት ጥሩ ነው፤ በዱላ ከሥር ሲነካ ግን ይሸታል። ባለቤቴ ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሞተር አውጥቶ ውሃ የሚመታ መዘውር ሠርቷል። ጫጫታው ሠፈር ያነቃል፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ውሃ እንዴት ነው የሚተነፍሰው? የምታውቀውን ጻፍልኝ። ገንዘብ ላክ ልትለኝ ነው ብለህ ፖስታውን በፍርሃት ከፍተህ ከሆነ ተረጋጋ። የምፈልገው ምክር ነው።

እትዬህ

---

ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎትን፣ የባለቤትዎን ጤና፣ የመቀሶቹንም ጤና እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እውነቱን ለመናገር ፖስታውን የከፈትኩት በፍርሃት ነው፤ ምክር ብቻ መሆኑን ሳይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

እዚህ የምኖረው ከመዋኛ ገንዳው ጀርባ፣ ከፓምፖቹ ጋር ግድግዳ በምትጋራ ክፍል ነው። ግድግዳዋ ቀን ከሌት ያንጎራጉራል፤ ፎጣዬም ትራሴም ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ደብዳቤዎን ሳነብ የገባኝ ነገር፣ የእኔ ሥራና የእርስዎ ሥራ ሆድና ጀርባ መሆኑ ነው። እኔ ደመወዝ የማገኘው በውሃው ውስጥ ምንም ነገር እንዳይኖር ነው። እርስዎ ደግሞ ያለው ሁሉ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከማላውቀው ነገር ከማወራ ብዬ፣ በእረፍት ቀኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የክሬይፊሽ እርሻ ሄድኩ። ባለቤቷ ከነቦቲዋ የተወለደች የምትመስል ወሬኛ ሴት ናት። ከዘመድ ተጽፎልኝ ነው ስላት በሩን ከፈተችልኝ፤ ስወጣም አልለቅ አለችኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ እትዬ። መዘውሩ የሚነካው የላዩን ውሃ ነው። መቀሶቹ ግን የሚኖሩት ከሥር ነው። አየሩ ከሥር መለቀቅ አለበት፤ አረፋው ሲወጣ የሥሩን ውሃ እየጎተተ ወደ ላይ ያወጣዋል፣ የላዩም በተራው ይወርዳል። ለዚህ የአየር መንፊያ፣ ቱቦና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ያስፈልጋል፤ እኔ እፈልግልዎታለሁ። ሁለተኛ፣ ውሃው ኩሬውን መዞር አለበት። የማይዞርበት ጥግ ካለ ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ይተኛል። የት እንደሆነ ለማወቅ የብርቱካን ልጣጭ ጣሉበትና የት እንደሚቆም እዩ።

ሌላ ወሬ የለኝም። ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ገንዳውን በሜትር ሲለኩት ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ አልነገሩኝም።

እጅ የሚነሳው ቀጮ

---

ጥር 3 ቀን

ለውሃ ሐኪማችን ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ከአረፋ በዝቶ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነን።

የብርቱካኑን ነገር ሳነብለት ባለቤቴ «አሁን ይሄ ምክር ነው?» አለ። ያን ቀን ግን ብርቱካኑን ልጦ ለመወርወር የቀደመው እሱ ነበር። ልጣጩ ትንሽ ተንሳፈፈና ከአጥሩ በኩል ባለው ጥግ ሄዶ ተገተረ። ሌላ ጣልን፤ እሱም እዚያው። ባለቤቴ በዱላ ጥጉን ሲነካው የወጣው ሽታ ኮፍያውን አስወለቀው። ለካ መዘውሩን ወደ መሐል አዙረን ተክለነው፣ ውሃው መሐል ለመሐል ሲንቦጫረቅ ኖሯል። ነቅለን በዳርቻው ልክ እንዲገፋ አድርገን ተከልነው።

ከዚያ የሆነውን ብታይ። ልጣጩ ከጥጉ ተነሳ፣ በአጥሩ ሥር አለፈ፣ በበሩ በኩል ታጠፈ፣ ባለቤቴም አብሮት በዳር በዳር ይሮጣል። በዚህ ዕድሜው። ዞሮ የተነሳበት ሲደርስ «ዞረች» ብሎ ጮኸ፤ ጎረቤት ሌባ የተያዘ መስሎት ወጣ። ከዚያ በኋላ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ልጣጭ እየጣለ የራሱን ሲከተል ዋለ። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሳቅ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

መንፊያውን እንጠብቃለን። የሚያስፈራን የሙቀቱ ወቅት ነው፤ ውሃ ሲሞቅ ይከብዳቸዋል ይላሉ። እሱን ካለፍን ግን ሁለት ኩሬ ለሁለት ሽማግሌ ስለሚበዛ፣ ውሃ የሚገባው አንድ ሰው መቅጠር አለብን ይላል ባለቤቴ። እንዲሁ ነው የነገርኩህ።

እትዬህ

---

የካቲት 6 ቀን

ለእትዬና ለሯጩ ባለቤትዎ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ደብዳቤዎን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አይጠይቁኝ። ልጣጩ በበሩ በኩል ታጠፈ የሚለው ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ይቆም ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ፤ ገና ያልታጠፈ ይመስል።

መንፊያውን፣ ቱቦውንና ድንጋዮቹን የእህቴ ጓደኛ ይዛላችሁ ትመጣለች። መንፊያው ከውሃው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ሞተሩን እንዳያጠጣው። ድንጋዮቹን ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉ፤ ጭቃው ላይ ከተቀመጡ ጭቃውን ነው የሚያቦኩት።

እዚህ ገንዳውን አድርቀውታል። ወለሉን እኔው ነኝ የጠረግኩት። ብርድ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ አምና ግን ብርድ ነበር፣ አላደረቁትም። ፓምፖቹ ቆመው ግድግዳዬ ዝም ስላለ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እንቀጥራለን ያሉት ሰው ማደሪያ ይኖረዋል? መስኮቱስ በኩሬው በኩል ነው? እኔም እንዲሁ ነው የጠየቅኩት።

ቀጮ

---

መጋቢት 12 ቀን

ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፣ እጅህ ይባረክ። ዕቃው ሁሉ ሳይሰበር ደርሷል። ለአስቸኳይ ነገር የጎረቤታችንን ስልክ ቁጥር ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሃለሁ። መንፊያው ሲነሳ ኩሬው መሐል የሚፈላ ድስት መሰለ፤ ባለቤቴ እጁን አጣጥፎ እስኪመሽ ተመለከተው። ሽታው ጠፍቷል። ሁለቱንም ኩሬ፣ የላይኛውንም የታችኛውንም፣ ያው አንዱ መንፊያ በሁለት ቱቦ ያዳርሳል።

ማደሪያ አለው። ድሮ እኔ የምሰፋባት ክፍል ናት፤ በእግር የምትረገጠውን የስፌት መኪናዬን ወደ ጥግ ገፋ አድርጌ አልጋ አስገብቻለሁ። መስኮቷ በኩሬው በኩል ነው። እንዲሁ ነው የነገርኩህ።

አሁን ግን ዋናውን ወሬ ስማ። ሙቀቱ ገብቷል፤ ቀን ቀን ማሽኖቹ ያለ እረፍት ይሠራሉ። ሲመሽ እናጠፋቸዋለን። ባለቤቴ ሞተርም እንደ ሰው እረፍት ይፈልጋል ባይ ነው፤ ደግሞ መቀሶቹም ይተኙ እንጂ፣ በአረፋ ሲንገላቱ ማደር አለባቸው? ታዲያ ሰሞኑን ምን ሆነ መሰለህ፣ ጎህ ሲቀድ ስወጣ መቀሶቹ ከውሃው ወጥተው ዳር ላይ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። በተለይ መዘውር የሌለው የታችኛው ኩሬ መቀሶች። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፣ አሁን ዳሩ በሙሉ ነው። ስጠጋቸው እንኳ አይሸሹም። ደህና አደራችሁ እላቸዋለሁ። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ባለቤቴ «እኔ ሠርቼ አንቺን ይወዳሉ» ብሎ አኩርፏል። እኔም ትናንት አዲሱን ሻርፔን አድርጌ ወጣሁላቸው።

ደስ ብሎኛል ቀጮ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እትዬህ

---

መጋቢት 27 ቀን

እትዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይያዙልኝ። ማሽኖቹን ሌሊት አታጥፉ። ይህን መስመር እንዳነበባችሁ አንዳችሁ ተነስታችሁ አብሩ፣ ቀሪውን ሌላው ያንብብ።

መቀሶቹ ሊቀበሉዎት አይደለም የሚወጡት። ታፍነው ነው። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ወደ እርሻዋ ሴት ሄጄ ዳር ላይ ይሰለፋሉ ስላት የያዘችውን መረብ ጣለችው። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ነገር ቀን በፀሐይ አየር ይሰጣል፤ ሲመሽ ግን እሱም ራሱ ይተነፍሳል፣ መቀሶቹም ይተነፍሳሉ፣ የሥሩ ጭቃም ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀንስ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ውሃው ውስጥ አየር የሚባል አይቀርም። ማሳረፍ ካለባችሁ ቀን አሳርፉ። ማታ ፈጽሞ አታጥፉ።

በሰጡኝ የጎረቤት ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ይህንኑ ደብዳቤ በሌላ ፖስታም ልኬዋለሁ፤ አንዱ ቢዘገይ አንዱ ይድረስ።

ቀጮ

---

ሚያዝያ 14 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን አላችሁ? መልስ ባጣ ደግሜ ጻፍኩ። ተቀይመውኝ ይሆን እላለሁ፤ ደስታዎን በአንድ መስመር ነው የገደልኩት። ወይ ደግሞ ከመቀየም የባሰ ነገር ይሆናል፣ እሱን ማሰብ አልፈልግም።

የእኔን ነገር ልንገርዎት፣ መደበቁ ሰልችቶኛል። ገንዳውን በጠጠር ሞልተውታል፤ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው። ሥራዬ አልቋል፣ ክፍሏም ከሥራው ጋር ስለሆነች ልለቅ ነው። እዚህ ሌላ ሥራ አላጣም። ግን እትዬ፣ ከስንት ዓመት ወዲህ የሚያጓጓኝ ነገር ያ የብርቱካን ልጣጭ ነው። የምትቀጥሩት ሰው እኔ ብሆንስ? ይኸው ብዬዋለሁ። ና ካሉኝ ያለኝ ሁለት ሻንጣ ነው።

ቀጮ

---

ሚያዝያ 16 ቀን

ለቀጮ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም፤ እጄ አልጽፍ ብሎኝ ነው።

ደብዳቤህ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ አነበበውና መነጽሩን አውልቆ ተቀመጠ። በዚያው ቀን ጠዋት የታችኛው ኩሬ መቀሶች ወጥተው አልተመለሱም ነበር። ፀሐይ ሞቀ፣ አልተነቃነቁም። እኔ ደህና አደራችሁ ብያቸው አልፌ ነበር። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

የላይኛው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የዚያን ዕለት ሲመሽ ሁለቱንም ማሽን አበራን። ሊነጋ ሲል መብራት ሄደ። ሠፈሩ በሙሉ ድርግም። ዳሩ ላይ አንድ ሁለት መቀስ ብቅ ማለት ጀመረ። ባለቤቴ ቆሞ አየኝ፣ እግሬን አየ፣ ወደ ስፌት ክፍሉ ሮጠ። የስፌት መኪናዬን ከነጠረጴዛዋ ጎትቶ ኩሬው ዳር አቆማት፣ ቀበቶዋን ከመዘውሩ ጋር አገናኘና «እንግዲህ ስፊ» አለኝ።

ሰፋሁ ቀጮ። የሙሽራ ልብስ ለነገ ጠዋት ተብሎ እንደማመሽበት ሰፋሁ። መዘውሩ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ከዚያ ውሃውን መታ። ባለቤቴ ከአጠገቤ በባልዲ እየቀዳ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያፈሳል፤ እሱ ሲያፈስ እኔ ስረግጥ፣ እኔ ሲደክመኝ እሱ «ጨርሰሻል? ገና እጅጌው ይቀራል» እያለ። ዳር የወጡት ቆሙ። ሌላ አልወጣም። ፀሐይዋ ከጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ በላይ ስትታይ አንዱ ዞሮ ወደ ውሃው ገባ፣ ሌላውም ተከተለው። አንድም አልሞተም። እየሳቅኩ አለቀስኩ። ባለቤቴ ባልዲውን ራሱ ላይ ደፋው፣ በደስታ ነው።

እንግዲህ የተረፈን አንድ ኩሬ ነው። ለአንድ ኩሬ እኛ ሁለታችን እንበቃለን። እንቀጥራለን ያልንህ ሰው ለዘንድሮ ቀርቷል፤ የታችኛው እንደገና ሲሞላ ይታያል። አንተም ሥራህን አጥብቀህ ያዝ፤ የያዙትን ለቆ የሚበር መያዝ አይገባም። ይህን ስጽፍልህ ደስ እያለኝ አይደለም።

እትዬህ

---

ግንቦት 2 ቀን

ቀጮ፣

የኔና ያንተ ደብዳቤ መንገድ ላይ ተላልፈዋል። የእኔ ከደረሰህ ቅደደው።

ያንተን ጮክ ብዬ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ስጨርስ፣ ለአንድ ኩሬ ሦስት ሰው ይበዛል ብዬ የጻፍኩልህን ነገርኩት። ብሎን ሲፈታ ነበር፣ ቀና አላለም። «የታችኛው ኩሬ የሞተው ሰው በዝቶበት ነው ወይስ አንሶበት?» አለኝ። ሥራው ለሦስት ሰው አይበቃም ብዬ የቆጠርኩት፣ ለሁለት ሰው በዝቶ የሞተብኝን ኩሬ ነው። እኛ ስንተኛ የሚነቃ ሰው ነበር የጎደለን። አንድ ሰው ነቅቶልን ነበር፣ እሱ ግን ባሕር ማዶ ነበር።

ና። ሻንጣህንም ይዘህ ና፣ ጥለኸውም ና። አልጋው ተነጥፏል። ባለቤቴ የታችኛውን ኩሬ ጭቃ እየጠረገ ነው፤ «የቀጮ ኩሬ» እያለ ነው የሚጠራው።

እትዬህ

---

ግንቦት 19 ቀን

ለቀጮ፣ ከግድግዳው ወዲያ ለተኛኸው፣

ሰላምታዬ ዛሬ ሩቅ አይሄድም። በበሩ ሥር ነው የማስገባልህ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኩቶ ስከፍት፣ አንድ ቀጭን ሰው ሁለት ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ፎቶህን እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ግን እናትህ ከነአንገቷ ቆማ መሰለኝ። ደብዳቤዬ ደርሶህ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ከኪስህ ያወጣኸው የመጀመሪያውን ነው፤ ሥራህን አጥብቀህ ያዝ ያልኩህን። ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ ተበልቷል። «ደርሶኛል እትዬ» አልከኝ። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ሆኖብኝ ነው። እርስዎ ጎህ ሲቀድ ፔዳል እየረገጡ እኔ እዚያ ተኝቼ ማደር አልቻልኩም። አሁን ማን ነው የሚያሳርፍዎት?»

ሻንጣህን ተቀበልኩህ። ጠርቼህ ነበር ልልህ ስል፣ ካየችኝ በኋላ ለይሉኝታ የፈጠረችው ነው ትላለህ ብዬ ዋጥኩት። ማታ ባለቤቴና አንተ በባትሪ ብርሃን ቱቦ ስትመረምሩ፣ እየተጨቃጨቃችሁ ስትስቁ፣ በመስኮት አይቼ ደግሜ ዋጥኩት። ሌሊቱን ግን አላስተኛኝም። ሰው አትምጣ ተብሎ መጥቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠሩኝ የገባሁበት ቤት እያለ እንዲኖር አልፈልግም።

ስለዚህ በጽሑፍ ይኑርህ። ግንቦት 2 ቀን ና ብዬሃለሁ። ደብዳቤው አሁን የለቀቅከው ቤት በር ላይ ይሆናል፤ አንድ ቀን ተቀባይ የለም ተብሎ ይመለሳል። ሲመጣ ቴምብሩ ላይ የተመታውን ቀን እየው። ተጠርተህ ነው የመጣኸው፤ ጥሪው ነው የዘገየው።

አሁን ሊነጋ ነው። ማሽኖቹ እየሠሩ ነው፣ ዳሩን ዞሬ አይቻለሁ፣ አንድም የወጣ የለም። ልትነሳ ስትንቀሳቀስ በግድግዳው ሰምቼሃለሁ። ተኛ ልጄ። ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ ነገ ያንተ ነው።

እትዬህ